ከመቶ ዶላር በታች አውቶማቲክ ሰንጢ፦ የቱን ልግዛ ለምትሉ

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። አውቶማቲክ የምለው ቁልፉን ስትጫኑት ስለቱ በሞላ ኃይል በራሱ የሚከፈተውን ሰንጢ ነው። ኪሳችሁ የሚፈቅደው ከ100 ዶላር በታች ከሆነ ከጎን የሚከፈተውን አውቶማቲክ ግዙ። በፊት በኩል ተወርውሮ የሚወጣውን ተዉት። ከጎን ከሚከፈቱት ውስጥ ደግሞ በዚህ ዋጋ ቦከር ፕላስ ካላሽኒኮቭ የሚባለውን ሰንጢ የሚያክል አላገኘሁም። ትንሽ ታግሳችሁ ከ100 በላይ ማውጣት ከቻላችሁ ከርሾ ላውንች የሚባለው ይሻላችኋል። ምክንያቴን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም ሱቅ ገብታችሁ መስታወቱ ውስጥ የተደረደረውን ስታዩት ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው፤ ሁሉም ያብረቀርቃል፣ ሁሉም ሲከፈት ቀጭ ይላል፣ ሻጩም ሁሉንም ያመሰግናል።

የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ነው። ትራክ እነዳለሁ። በኛ ልጆች መካከል ትራክ የሚነዳ፣ መጋዘን የሚሠራ፣ ዕቃ የሚያደርስ ብዙ ስለሆነ የሰንጢ ነገር ቡና ላይ ሳይቀር ይነሳል። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስትቀዱ፣ የፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ) ላስቲክ ስትተለትሉ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ ስትቆርጡ ትውላላችሁ። አንዱ እጃችሁ ዕቃ ደግፏል፤ የቀራችሁ አንድ እጅ ነው። ብርድ ሲሆን ደግሞ ጓንት አለ። ተራውን ሰንጢ በጓንት ለመክፈት መታገል ያበሳጫል፤ አውቶማቲኩን ግን ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። ዕቃው የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ራሴን እከላከልበታለሁ ብሎ የሚገዛ ካለ ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ቢያውለው ይሻለዋል፤ እኔ የምጽፈው ለሥራ ለሚፈልገው ሰው ነው።

ከዕቃው በፊት ግን ሕጉ። ይህን ዘላችሁ አትለፉ፣ በተለይ ከስቴት ስቴት የምትነዱ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ቴክሳስ ውስጥ አውቶማቲክ ሰንጢ መያዝ ክልክል ነበር፤ በ2013 ሴፕቴምበር 1 ቀን ክልከላው ተነሳ። በ2017 ደግሞ ሕጉ እንደገና ተሻሽሎ ጥንቃቄው ስለቱ ከ5.5 ኢንች በላይ የሆነው ላይ ቀረ፤ እንዲህ ያለውን ይዞ ትምህርት ቤትና መጠጥ ቤት የመሳሰሉ ቦታዎች መግባት አይቻልም። እዚህ የማወራላችሁ ሰንጢዎች ሁሉም ከ4 ኢንች በታች ናቸው፤ ስለዚህ ቴክሳስ ውስጥ ለአዋቂ ሰው ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለም።

ችግሩ የሚመጣው ድንበር ስታልፉ ነው። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ መያዙ ራሱ ወንጀል ነው። ካርታውን እስቲ እዩት፤ ከዳላስ ተነስታችሁ ካሊፎርኒያ ጭነት ስታደርሱ በአይ-40 አውራ ጎዳናም ሂዱ በአይ-10፣ ኒው ሜክሲኮን ሳታቋርጡ አትደርሱም። ካሊፎርኒያ ደግሞ ስለቱ 2 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነን አውቶማቲክ ኪስ ውስጥ መያዝን ብቻ አይደለም የሚከለክለው፤ መኪና ውስጥ ሹፌሩ ወይም ተሳፋሪው በሚቀመጥበት በኩል ማኖርንም ይከለክላል። ካቢናችሁ ውስጥ በር ኪስ ላይ ጣል አድርጋችሁት ከሆነ ያ ማለት ነው። ዳላስ ሱቅ ውስጥ በነጻነት የተሸጠላችሁ ዕቃ ሌላ ቦታ መንጃ ፈቃዳችሁን፣ እንጀራችሁን ሊያስከፍላችሁ ይችላል። ኢሚግሬሽን ላይ ገና ያላለቀ ጉዳይ ያላችሁማ ለአንድ ሰንጢ ብላችሁ ክስ ውስጥ መግባት በፍጹም የለባችሁም። ወደ ምዕራብ ስሄድ አውቶማቲኩን ቤት ትቼ ተራ ሰንጢ ነው የምይዘው፤ እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ፖሊስ ቢያስቆማችሁ ደግሞ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ አትስደዱ። እጃችሁ መሪው ላይ እንዳለ በአፋችሁ ብቻ፣ ሰንጢ እንዳለና የት እንዳለ ተናገሩ። ይህን ለወንድሞቼ ሁሉ ነው የምለው።

የፌዴራሉ ሕግ የ1958 ነው። ከስቴት ወደ ስቴት የሚደረገውን የአውቶማቲክ ሰንጢ ንግድ ይገድባል። ውስጡ አንድ የገረመኝ ነገር አለ፦ አንድ ክንድ ብቻ ያለው ሰው እስከ 3 ኢንች ስለት ያለው አውቶማቲክ እንዲይዝ ይፈቅድለታል። ያኔም ቢሆን ዕቃው በአንድ እጅ ለሚሠራ ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የገባው ነበር ማለት ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ግን ስለዚህ ዕቃ አታስቡ። ሽያጩ ከ1959 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ከ2021 ወዲህ ኢንግላንድና ዌልስ ውስጥ ቤት ማስቀመጥም ወንጀል ሆኗል።

አሁን ወደ ዕቃው። ከጎን የሚከፈተው አሠራሩ ቀላል ነው። ስለቱ የሚዞርበት ማጠፊያ ላይ የተጠቀለለ ሞላ አለ። ሰንጢውን ስትዘጉ ሞላውን እያጠበቃችሁት ነው። የምትጫኑት ቁልፍ ደግሞ እጀታው ውስጥ የቆመ ትንሽ የብረት ዘንግ ነው፤ ጎኑ ላይ ተቦርቡሯል። ስለቱ ተዘግቶ ሲቀመጥ የዘንጉ ወፍራም ክፍል ይይዘዋል። ስትጫኑት የተቦረቦረው ክፍል ስለቱ ጋ ይመጣል፤ ስለቱም የሚይዘው ያጣና ይፈናጠራል። ተከፍቶ ሲያልቅ ያው ዘንግ ተመልሶ ወጥቶ ይቆልፈዋል። እንግዲህ ይህች አንዲት ቁልፍ ከፋችም ቆላፊም ናት። ርካሽ ሰንጢ የሚከዳችሁም እሷ ጋ ነው። ዘንጉ በልኩ ካልተሠራ፣ ወይም የሚገባበት የአሉሚኒየም ቀዳዳ በቶሎ ከሰፋ፣ ስለቱ ተከፍቶም ይነቃነቃል። ሲብስ ደግሞ ኪስ ውስጥ በራሱ ይከፈታል። ሰው ሁሉ ስለ ስለቱ ብረት ይጠይቃል፤ እኔ በዚህ ዋጋ መጀመሪያ የማየው ቁልፉን ነው።

በፊት የሚወጣው፣ እዚህ ኦቲኤፍ የሚሉት፣ ሌላ ነገር ነው። ስለቱ አይታጠፍም፤ እጀታው ውስጥ እንደ መሳቢያ ይንሸራተታል። ማንሸራተቻውን ወደ ፊት ስትገፉ መጀመሪያ ሞላውን ትወጥራላችሁ፤ ከዚያ ስለቱ ይለቀቅና የቀረውን መንገድ በራሱ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ መቆለፊያ ይይዘዋል። መሐል ላይ አንድ ነገር ካጋጠመው፣ ካርቶንም ይሁን ጨርቅ፣ ይቆማል፤ ሳይቆለፍ ይንጠለጠላል፤ በእጃችሁ ስባችሁ ወደ ቦታው መመለስ አለባችሁ። እንዲንሸራተት ደግሞ ክፍተት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ጥሩ የሚባለውም ቢሆን ትንሽ ይነቃነቃል። ያን ሁሉ ቁራጭ በልኩ ለመሥራት ገንዘብ ይጠይቃል። እኔ የማውቃቸው አስተማማኝ ኦቲኤፎች ከ200 ዶላር በላይ ናቸው።

የሥራ ባልደረባዬ አውራ ጎዳና ላይ ካለ ነዳጅ ማደያ አንዱን ገዝቶ ነበር። የፋብሪካ ስም እንኳ የለውም። መጀመሪያ ላይ ግሩም ነበር፤ ሁላችንም እየተቀባበልን ከፈትነው፣ ዘጋነው። ከዚያ መጋዘን ውስጥ የካርቶን ብናኝ በፊት በኩል ባለው ቀዳዳ መግባት ጀመረ። አንድ ጠዋት በብርድ ማሰሪያ ሊቆርጥ ሲጫነው ስለቱ ሙሉ በሙሉ አልተቆለፈም ነበርና ወደ ውስጥ ሸሸ፤ እጁ ተንሸራቶ የፓሌቱን ጠርዝ መታ። ጓንት ባያደርግ ኖሮ ጉዳቱ ቀላል አይሆንም ነበር። ስንፈታው ውስጡ ያለው ሞላ ቀጭን ነው፤ ስለቱን የሚይዙት ጥርሶች ደግሞ ጫፋቸው ከወዲሁ ተበልቶ ክብ ሆኗል። የዋጋው ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ምንም አይታወቅም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ፎርጅድ። ማይክሮቴክ የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ኦቲኤፍ በጣም የታወቀ ስለሆነ በጣም ይኮረጃል። ስሙ፣ ምልክቱ፣ ሣጥኑ ሳይቀር ይኮረጃል። ገን ሾው (የጦር መሣሪያ መሸጫ ትርዒት) ላይ ወይም ሜዳ ገበያ ውስጥ ‘ማይክሮቴክ በ40 ዶላር’ ከተባላችሁ ፎርጅድ ነው፤ ምንም ጥርጥር የለውም።

አሁን ስለ ካላሽኒኮቩ። ቦከር የጀርመን ስም ነው፤ ቦከር ፕላስ ደግሞ ረከስ ያለው መስመሩ ነው። ዋጋው እንደ ሱቁና እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 70 ዶላር ባለው ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስለቱ 3 ኢንች ከሩብ አካባቢ ነው። እጀታው አሉሚኒየም ሆኖ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ተቦርቡሮለታል። ቁልፉ ትልቅ ነው፤ በጓንት ይገኛል። ሞላው ደግሞ ኃይለኛ ነው። ስትከፍቱት እጃችሁ ላይ ይገፋችኋል፤ ላላ አድርጋችሁ ከያዛችሁት ሊያመልጣችሁ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ይህ አይመችም፤ በኋላ ግን የምትወዱት እሱኑ ነው፤ ምክንያቱም ደካማ ሞላ ስለቱን ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል፤ ይህኛው በብርድም፣ ብናኝ ገብቶበትም እስከ መጨረሻው ያደርሰዋል።

የማልወድለትም አለ። የጣት ቦታዎቹ ለመካከለኛ እጅ የተሠሩ ናቸው፤ እጁ ትልቅ የሆነ ሰው ጣቱ በትክክል አያርፍለትም። ሴፍቲ፣ ማለትም ቁልፉ ሳይታሰብ እንዳይጫን የሚያግድ ነገር፣ የለውም። ኪስ ውስጥ ከቤት ቁልፍና ከሳንቲም ጋር አትቀላቅሉት፤ በማንጠልጠያው ኪሳችሁ አፍ ላይ ይሰካ። ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ፣ የሚቆለፍ ነገር ውስጥ አስቀምጡት። ልጅ ቁልፍ ካየ ይጫናል።

ብረቱን በተመለከተ የቆየው ካላሽኒኮቭ ኤዩኤስ-8 የሚባል የጃፓን ብረት ነው፤ በኋላ የመጡት ዲ2 ናቸው። ኤዩኤስ-8 አይዝግም ማለት ይቻላል፤ ለመሳልም ይቀላል፤ ግን ካርቶን ላይ በቶሎ ይደንዛል። ካርቶን ለስላሳ ይመስላል እንጂ ውስጡ ደቃቅ አሸዋ መሰል ነገር አለው፤ በተለይ ከአሮጌ ወረቀት ተመልሶ የተሠራው። ስለት የሚበላው እሱ ነው። ዲ2 በዚህ በኩል ይሻላል፤ ስለቱን ይዞ ይቆያል። ነገር ግን ዝገት የሚከላከለው ክሮምየሙ 12 በመቶ አካባቢ ስለሆነና ብዙው ከካርቦኑ ጋር ስለሚያያዝ ዝገትን ሙሉ በሙሉ አይቋቋምም። ላብ የነካውን ሳትጠርጉ ካደራችሁ ነጠብጣብ ያወጣል። ሎሚ ወይም ብርቱካን ከቆረጣችሁበት ወዲያው እጠቡት። ለመጋዘን ሥራ ዲ2ን እመርጣለሁ። ሂውስተንን የመሰለ ወበቅ ያለበት ቦታ ውጭ ለሚሠራ ኤዩኤስ-8።

ስለቱ ላይ ‘440’ ብቻ ተጽፎ ካያችሁ ጠይቁ። 440 የሚባለው ብረት ብዙ ዓይነት አለው፤ 440ሲ ጥሩ ብረት ነው፣ 440ኤ ግን ካርቦኑ አነስ ያለ፣ ቶሎ የሚደንዝ ነው። ፊደሉን ያልጻፈ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ርካሹን ነው። ‘ሰርጂካል ስቲል’ (የቀዶ ጥገና ብረት) የሚል ጽሑፍ ደግሞ ምንም አይነግራችሁም።

ከርሾ ላውንች አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሪገን የሚሠራ ነው። ብዙዎቹ ሲፒኤም-154 የሚባል ብረት አላቸው፤ ዱቄት ሆኖ ተጨፍልቆ የሚሠራ ብረት ነው፤ ስለትም ይይዛል፣ ዝገትንም ይቋቋማል። እዚህ ጋ ነው የዋጋው ልዩነት የሚታያችሁ። ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ ሌላ ነው። ተከፍቶ ስለቱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ግራና ቀኝ ብታንቀሳቅሱት አይላወስም። ዋጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ ቅናሽ ሲኖር ጠብቃችሁ ብትገዙ ይሻላል። ላውንች 4 የተባለው ስለቱ 1.9 ኢንች ነው። ያንን ያሳጠሩት ለካሊፎርኒያ ሕግ ብለው ነው። ለካርቶንና ለቴፕ ይበቃል፤ ወፍራም ገመድ ላይ ግን ያጥራችኋል። ኒው ሜክሲኮን አቋርጣችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ማጠሩ አያድናችሁም።

በክ 110 አውቶማቲክም አለ። ተራው በክ 110 ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ አሜሪካ ውስጥ አባት ለልጁ የሚያወርሰው የአዳኝ ሰንጢ ነው፤ አውቶማቲኩ መልኩ ያው ነው፣ ቁልፍ ተጨመረለት እንጂ። እንጨትና ናስ ነው፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ግን 200 ግራም አካባቢ ይመዝናል። በቆዳ አፎት ቀበቶ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ለቀን ሥራ ይከብዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው አውቶማቲክ ፈልጎ ሲመጣ በእውነት የሚያስፈልገው በሞላ የሚታገዘው ነው። እሱ ላይ ቁልፍ የለም። ስለቱን ራሳችሁ በጣታችሁ ትጀምሩለታላችሁ፤ ትንሽ ከሄደ በኋላ ሞላው ይቀጥላል። በ2009 የፌዴራሉ ሕግ ሲሻሻል ይህ ዓይነቱ እንደ አውቶማቲክ እንዳይቆጠር ተደርጓል። ስቴቶችና ከተሞች የራሳቸው ደንብ ስላላቸው አሁንም ማየት ያስፈልጋል፤ ግን ብዙ ቦታ ጭንቀቱ ያንሳል። ከርሾ ሊክን እዩት። ስለቱ 3 ኢንች፣ ቀጭን፣ ኪስ ውስጥ መኖሩ የማይታወቅ፣ ብረቱ 14ሲ28ኤን፤ ዝገት አያውቀውም ቢባል ማጋነን አይደለም። ዋጋውም ከ100 በታች ነው። በጓንት እንደ ቁልፍ አይቀልም፤ ያ ብቻ ነው ጉድለቱ። ብዙ ስቴት የሚያቋርጥ ሹፌር ቢጠይቀኝ ከካላሽኒኮቩ በፊት ይህንን ነው የምለው።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩን አስፈቅዳችሁ በእጃችሁ ሞክሩት። ከሰው ራቅ ብላችሁ፣ ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ክፈቱት። አንዴም እንኳ ሳይቆለፍ ከቀረ መልሱት። ተከፍቶ እያለ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ማጠፍ ከጀመረ አትግዙት። ዘግታችሁ ደግሞ መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉት፤ ቁልፉ ሳይነካ የሚፈናጠር ሰንጢ ኪስ ውስጥ አይገባም። ተዘግቶ ሳለ ከላይ ሲታይ ስለቱ የእጀታው መሐል ላይ ነው ወይስ አንዱን ግድግዳ ይነካል? ከነካ ስለቱን ይፍቀዋል። ቪቴዎቹ ቶርክስ (ጭንቅላታቸው ላይ የኮከብ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ያላቸው) ይሁኑ፤ የመስቀል ጭንቅላት ያለው ርካሽ ቪቴ ካያችሁ ውስጡም እንደዚያው ነው። ስትዘጉት ደግሞ ቀስ በሉ። ሞላውን እየታገላችሁ ስለሆነ የምትዘጉት ጣታችሁ ከስለቱ መንገድ መውጣቱን እያያችሁ ይሁን፤ ብዙ ሰው የሚቆረጠው ሲዘጋ ነው።

ለእንክብካቤው ብዙ አይጠይቅም። ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት፣ ከዚያ በጨርቅ መጥረግ። ዘይት አታብዙ፤ የካርቶን ብናኝ ይሰበስባል። ብናኝ ከገባ በአየር ንፉት። ሞላውን ለማየት ብላችሁ አትፍቱት፤ ሲወጣ ይፈናጠራል፣ ሲመለስ ደግሞ በቀላሉ አይገባም፤ ፋብሪካውም ዋስትናውን ሊከለክላችሁ ይችላል።

ስለ ዋስትና ካነሳሁ አይቀር፦ የታወቁት ፋብሪካዎች የተበላሸውን መልሳችሁ ብትልኩ ይጠግናሉ ወይም ይቀይራሉ፤ ስም የሌለው ዕቃ ላይ የሚመልስላችሁ ሰው የለም። ስትልኩ ግን ፖስታ ቤት አትሂዱ። አውቶማቲክ ሰንጢ ተራ ሰው በአሜሪካ ፖስታ መላክ አይችልም፤ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። መጀመሪያ ለፋብሪካው ደውሉ ወይም ጻፉ፤ በየትኛው የግል ማጓጓዣ፣ እንዴት ታሽጎ እንደሚላክ እነሱ ይነግሯችኋል። ለአውሮፕላንም እንደዚሁ፤ የእጅ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በሚጫነው ሻንጣ ለመላክ ካሰባችሁ ደግሞ የምትሄዱበትን አገር ሕግ ቀድማችሁ ጠይቁ።